ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ሠላሳ

«ትንሽ ወደ ኋላ! አሁንም! እ… እዛው ጋ ቁሚ!»

አባቷ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል። እሷ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ የኋሊት ትራመዳለች። ከፊቷ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ጀርባ ደግሞ አንድ የብረት ምሰሶ አለ። ምሰሶው ላይ ክብ ምልክት መኖሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ቀዩን ጠርዝ በቅጠሎቹ መሀል የሚለየው። ቁጥሩ ጨርሶ አይታይም።

«ምን ይታይሻል?»

«ቅጠል!»

«ሌላስ?»

«ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ አንዲት ወፍ!»

«ሠላሳ የሚል ነገር አለ?»

«ወፏ ካልተናገረች በቀር የለም!»

አባቷ ሳቀ። ከረቡዕ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

አምስት ፎቶ አነሳች። ከዚያ አባቷ ከመኪናው ወርዶ እሷን መሪው ፊት አስቀመጣት። «የእግረኛ ዓይን ምን ያደርግላቸዋል? ሾፌር ከተቀመጠበት ሆኖ የሚያየውን ነው ማሳየት ያለብን» አላት። ልክ ነበር። ከወንበሩ ሲታይ ቀዩ ጠርዝ እንኳ የለም። ሌላ አራት ፎቶ ጨመረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል የክርክር ክበብ አባል ናት፤ እንዲህ የሚጨበጥ ማስረጃ ግን በእጇ ገብቶ አያውቅም።

ረቡዕ የመጣው የቅጣት ወረቀት አጭር ነው። ካሜራ ያነሳው የመኪናው ሥዕል ከኋላ፣ ታርጋው፣ ከዚያ ሁለት መስመር፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ፤ የተፈቀደ ፍጥነት ሠላሳ፣ የተመዘገበ ፍጥነት አርባ ስድስት። ቦታው የሕፃናት ትምህርት ቤት በር ነው።

ለሌላ ሾፌር ቢሆን ከፍሎ ይረሳው ነበር። አባቷ ግን የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነው። መኪናው ጣሪያ ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ አለው፤ ከግራ ወንበር ሥር ያለው ፍሬን ከቀኝ ወንበር ሥርም አለ። መሪውን ማንም ይያዘው፣ ጥፋቱ የሁለተኛው ፍሬን ባለቤት ነው። አሠልጣኝ ደግሞ በትምህርት ቤት በር ላይ በፍጥነት ከተያዘ የማሠልጠን ፈቃዱ ለሦስት ወር ይታገዳል። ሕጉ እንዲህ ነው።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደረገው የሰውየው ጠባይ ነው። ሠፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጋሽ ቀስ በል» ነው የሚሉት። ተማሪ መሪውን ገና ሳይነካ «ቀስ በል» ይላል። ቤት ውስጥ ሻይ ሲቀዳም «ቀስ»፣ እናቷ ደረጃ ስትወርድም «ቀስ» ነው። ሲያሠለጥን ስልክ የሚነካ ተማሪ ካየማ «ስልክና መሪ ጣውንት ናቸው፤ አንድ ቤት አይኖሩም» ብሎ ስልኩን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከትበታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምር አንድም ቅጣት ኖሮበት አያውቅም።

ከዛፉ ሲመለሱ በማሠልጠኛው ሜዳ አለፉ። አሠልጣኞቹ ከጥበቃው ቤት ጥላ ሥር ተሰብስበው የሚያወሩት ስለዚሁ ነገር ነበር።

«ትራፊክ ፖሊስ ቢሆን ‹ወንድሜ፣ ዛፉን እይልኝ› ትለዋለህ» አለ አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ። «ካሜራን ምን ትለዋለህ? ምሰሶ ሥር ቆመህ ታለቅሳለህ?»

«ትራፊኩማ የሚያውቀውን ያሳልፋል፣ የማያውቀውን ያስቆማል» አለች በሜዳው ብቸኛዋ ሴት አሠልጣኝ። «ካሜራ ዘመድ የለውም። እኔ እሱን እመርጣለሁ።»

«ዘመድ የለውም፤ ኅሊናም የለው!» አለ ሽማግሌው።

«ታዲያ ኅሊና ያለው ሲያስቆምህ ምን ይልሃል? ‹ሻይ እንኳ አትለኝም?› ነው የሚልህ!» አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ።

«ልጄ ፎቶ አንስታለች» አለ አባቷ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ። «ጠበቃዬን ይዤ ነው የምሄደው።»

ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽማግሌው አሠልጣኝ ፎቶውን ከዓይኑ አርቆ፣ አቅርቦ አየውና «ይኼማ ያለቀለት ነው!» አለ። እሷም እንደዛው መሰላት።

በማግስቱ እሑድ ከምሳ በኋላ አባትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ልብስ ትተኩሳለች። አባቷ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ ያስጽፋል፤ እሷ በእናቷ አሮጌ ላፕቶፕ ትጽፋለች።

«‹እኔ አመልካች ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያለ አንዳች ጥፋት…› ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«‹…የፍጥነት ወሰን ምልክቱ በዛፍ ቅርንጫፍ ሙሉ በሙሉ በመሸፈኑ፣ ለዚህም ዘጠኝ ፎቶግራፎችን አያይዤ…› ቀስ ልበል እንዴ?»

«ኧረ ቀጥል አባዬ፤ እንዳንተ መኪና አይደለም ጣቴ።»

«‹በዕለቱም ሙሉ ትኩረቴን በመንገዱና በሠልጣኟ ላይ አድርጌ ሳለሁ…›»

ይቺን ጽፋ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ።

የመጣችው ከአባቷ ተማሪዎች አንዷ፣ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ፀጉር ቤት አላት። የዚያን ሐሙስ መሪውን የያዘችው እሷ ናት። አርባ ዓመት ሆኗታል፤ መንዳት የጀመረችው እናቷ ታመው ነው። እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፤ ታክሲ ደግሞ የታመመ ሰው ሲያይ ፍጥነት ይጨምራል።

«ቤት ለእንግዳ» አለች የልጅቷ እናት፤ ካውያውን አስቀምጣ ወንበር ሳበችላት። ፀጉር ሠሪዋ ግን በወንበሩ ጫፍ ብቻ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋንም ከጉልበቷ አላወረደች።

«ጋሼ፣ አሁን ገና ነው የነገሩኝ። ሦስት ወር ሊያግዱዎት ነው አሉኝ። በኔ ምክንያት!»

«በማንም ምክንያት አይደለም። ምልክቱ አይታይም። ይኸው ፎቶ አለን።»

«ባይታይስ? ትምህርት ቤት መሆኑን አላውቅም? ያን በር በቀን አራቴ የማልፈው ሰው ነኝ!» ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። «እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ፤ እኔ ነበርኩ የፍጥነት ቆጣሪውን ማየት የነበረብኝ።»

«ስልኩንማ ወዲያው ነው የዘጋሁት» አለ አባቷ።

ልጅቷ ጣቶቿን ከፊደሎቹ ላይ አነሳች።

«እና ደግሞ… ልንገርዎት?» ፀጉር ሠሪዋ እንደማፈር ብላ ፈገግ አለች። «‹ልጨምር?› ብዬ ጠይቄዎት ‹ጨምሪ› ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ቅጣቱ መምጣቱን ከሰማሁ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ግን እርስዎ? እዛ በር ላይ? ‹ጨምሪ›? አይሆንም። ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። ሰው እንዲህም ራሱን ይዋሻል ለካ።»

አባቷ የሻይ ብርጭቆውን ዞር አደረገው፤ መልሶ አዞረው።

«ድንጋጤ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሲደነግጥ ያልተባለ ነገር ይሰማል።»

«እንደዛ መሆኑ ነው። ለማንኛውም እኔ ትቼዋለሁ። ፈተናውንም አሰርዣለሁ። ያልሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ መኪና ላይ ብወጣ ነገ ሰው ነው የምገድለው።»

እናቷ «ኧረ ተይ!» ብላ ልታግባባት ሞከረች። ሴትየዋ ግን ቆርጣ ነበር የመጣችው። ሻይዋን ሳትነካ፣ አባቷን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ላፕቶፑን ከደን አደረገችና «መጣሁ» ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። የጥሪ መዝገቡን ወደ ታች ሳበችው። ቅዳሜ፣ ዓርብ፣ ሐሙስ፣ ረቡዕ… እያለች ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ጋ ደረሰች። «አባዬ» ይላል። አራት ሰዓት ከአሥራ ስድስት። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ።

እረፍት ሰዓት ነበር። የጂኦግራፊ ካርታዋን ጠቅልላ በር ጀርባ አቁማ ረስታው ሄዳለች፤ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይታረማል። ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ተጠግታ ደወለች። «ልጄ፣ እያስተማርኩ ነው» አላት። «አንዴ ብቻ አባዬ፣ አንዴ ብቻ ስማኝ!» አለችው። ከዚያ ካርታው የት እንዳለ፣ እንዴት እንዳይታጠፍ፣ ለየትኛው ጥበቃ እንደሚሰጥላት አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። መሀል ላይ የሴት ድምፅ ከሩቅ ሰምታለች። «ልጨምር ጋሼ?» አባቷም አፉን ከስልኩ ሳያርቅ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» አለ፤ ከዚያ ወደ እሷ ተመልሶ «የትኛው ጥበቃ ነው ያልሽኝ? ረጅሙ?» አላት።

ያኔ ምኗም አልነበረም። አሁን ግን ሰዓቱን እንደገና አነበበችው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አባቷ ደጅ መኪናውን ሲያጥብ አገኘችው። ባልዲውን ከፍ አድርጋ አቀበለችው። ጎማውን፣ በሩን፣ «ተማሪ» የሚለውን ሰሌዳ እስኪያብስ ጠበቀች።

«አባዬ፣ ሐሙስ የደወልኩልህ እኔ ነኝ።»

ጨርቁ ቆመ። «አውቃለሁ።»

«ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው ያወራነው። ወዲያው አልዘጋኸውም።»

«ቁጭ ብለሽ ቆጠርሽው?»

«ስልኩ ነው የቆጠረው። ‹ጨምሪ› ስትላትም ሰምቻለሁ።»

አባቷ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመረና ጨመቀው። ውሃው ካለቀ በኋላም ይጨምቀው ነበር።

«ምልክቱ ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም?»

«ተሸፍኗል።»

«ፎቶውን ያነሳሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ቀረ? የምንጽፈው ስለ ምልክቱ ነው። ስለ ስልክ የጠየቀን የለም። ካሜራው ራሱ አላየውም!»

«ፀጉር ሠሪዋ ግን ‹አእምሮዬ ተነካ› እያለች ነው።»

«አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

አባቷ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስልክ የሚል ቃል እዛ ወረቀት ላይ ከገባ ሦስት ወር አይደለም፤ ፈቃዴን ነው የሚነጥቁኝ። ሌላ ሙያ የለኝም። እጄ የሚያውቀው ይኼን ብቻ ነው።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፤ «የደወልሽው አንቺ መሆንሽንም ለማንም አልተናገርኩም። ለእናትሽ እንኳ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ባልዲውን ተቀብላ ውሃውን ደፍታ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባቷ ቆሞ አነበበው። አንዴ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ጣቱ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ስለ ትኩረት የምትል።»

«አዎ፣ ነበረች።»

አየት አደረጋት። እሷ የጫማዋን ክር ታስራለች። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ፈረመ።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቷል፤ ምልክቱ ከሾፌር ዕይታ ውጪ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ቅጣቱ ተሰርዟል፤ በዚያ ሳምንት በዚያው ቦታ ለተቀጡ ሌሎች ሾፌሮችም ገንዘባቸው ይመለስላቸዋል። ዓርብ ዕለት መሰላል የያዙ ሠራተኞች መጥተው ቅርንጫፉን ቆረጡት።

ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ አባቷ ጀግና ሆነ። «ካሜራን የረታ!» እያሉ ተቀበሉት። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ በኩል ስታልፍ ሽማግሌው አሠልጣኝ ጠርቶ አስቀመጣት፤ ሻይ ታዘዘላት። አባቷ ታሪኩን ሲያወራ ወፏ ሁለት ሆናለች፤ ዛፉም ረዝሟል። ሁሉም ይስቃል።

«ሴትየዋስ ምን ሆነች?» አለች ሴቷ አሠልጣኝ። «ያቺ ፀጉር ሠሪ። ጎበዝ እየሆነች ነበር እኮ።»

«እሷማ ደነገጠች» አለ አባቷ። «ድንጉጥ ናት።» ይህን ሲል ወደ ልጁ አልተመለከተም። ወዲያው ሌላ ወሬ አነሳ።

ሰኞ ደግሞ የክርክሩ ቀን ሆነ። የሥነ ዜጋ መምህሩ ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ጻፉት፦ «የትራፊክ ካሜራ ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ ፍትሐዊ ነው።» እሷ በተቃዋሚው ወገን ነበረች። የዛፉን ታሪክ ስትናገር፣ ፎቶዋን ከፍ አድርጋ ስታሳይ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። «ካሜራው ቁጥር አየ፤ ዛፉን አላየም!» አለች። ጓደኛዋ ከኋላ «አቦ ይመችሽ!» ብላ ጮኸች፤ መምህሩም ገሠጿት።

ከዚያ በዚያኛው ወገን «ፕሮፌሰር» የሚሉት ልጅ ተነሳ። ትልቅ መነጽር አለው፤ ሲናገር አይቸኩልም።

«ስለ ዛፉ ተስማምተናል» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ካሜራው መኪናው በአርባ ስድስት ሄደ አለ። ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሄዷል። አልዋሸም። ለምን በአርባ ስድስት እንደሄደ የሚያውቀው ደግሞ መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ነው። እሱ ዝም ካለ ካሜራውን ምን አድርግ እንለዋለን?»

መልስ ነበራት። ወረቀቷ ላይ በቀይ ተጽፏል። ዓይኗ መስመሩ ላይ ነበር፤ አፏ ግን አልከፈት አለ። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። የቡድኗ ሌላ ልጅ ተነስቶ ሞላላት።

የእሷ ወገን በድምፅ ብልጫ አሸነፈ። «ምን ሆነሽ ነው ግን?» አለቻት ጓደኛዋ ሲወጡ። «መሀል ላይ ፍዝዝ አልሽ እኮ። ሼም ነው እንዴ ያዘሽ?»

«ራሴን አሞኝ ነው» አለች። ራሷን አላመማትም።

በዋናው መንገድ ስትሄድ ፀጉር ሠሪዋን አየቻት። ከእናቷ ጋር መንገድ ዳር ቆማለች። አሮጊቷ በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ክንድ፣ በሌላው የመብራት ምሰሶውን ይዘዋል። አንድ ታክሲ ቀርቦ ዘገም አለና አሮጊቷን ሲያይ ነዳጁን ረግጦ አለፈ። ሁለተኛውም እንደዛው። ፀጉር ሠሪዋ አልተሳደበችም፤ ሻርፗን አውልቃ እናቷ የሚቀመጡበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ አነጠፈችላቸው። ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ ሆና ሦስተኛው ታክሲ እስኪቆም ድረስ ጠበቀች። ግን አልተሻገረችም።

ማታ ራት እየበሉ ነገሩን ጣል አደረገችው።

«ነገ ከትምህርት ቤት መልስ ፀጉር ቤት እሄዳለሁ።»

«ፀጉርሽ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች እናቷ። «ገና ባለፈው ሳምንት አይደል የተሠራሽው?»

«ለፀጉሬ አይደለም።»

አባቷ ቀና አለ። እናቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ተመለከተች፤ ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ስትከፍት ተሰማ።

«እኔ ልሄድ አስቤ ነበር» አለ አባቷ።

«መቼ?»

«አላውቅም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ልጅቷ «አትሂጂ» ሲላት ጠበቀች። አላላትም። «ሂጂ»ም አላላትም። የውሃ ብርጭቆውን ይዞ ደጅ ወጣ።

ማክሰኞ ፀጉር ቤቱ ሥራ አልበዛበትም። አንዲት ደንበኛ ከማድረቂያው ሥር ተቀምጣ መጽሔት ታገላብጣለች፤ ሽንኩርት የሚያህሉ ቢጎዲኖች ጭንቅላቷን ሞልተውታል። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያ ታጥባለች።

«አንቺ! የጋሼ ልጅ! ደህና ነሽ?» አለች በመስታወቱ ውስጥ አይታት። «ነይ ግቢ፤ ልታጠቢ ነው?»

«አይደለም፤ ለእርስዎ የምነግርዎት ነገር ነበረኝ።» ስታጠናው የመጣችው ንግግር ነበር፤ ከበሩ ስትገባ ጠፋባት። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመረች። «‹ጨምሪ› ብሎዎታል። በትክክል ነው የሰሙት።»

ፀጉር ሠሪዋ ቧንቧውን ዘጋች።

«ስልኩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ካርታ ረስቼ ነው። ‹እያስተማርኩ ነው› ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አልለቅ ያልኩት። እርስዎ ‹ልጨምር?› ሲሉት ሰምቻለሁ። ‹ጨምሪ፣ ጨምሪ› አለዎት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ለኔ ስለ ጥበቃው ጠየቀኝ።»

ማድረቂያው ይጮኻል። ደንበኛዋ ገጽ ገለጠች። ፀጉር ሠሪዋ እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ።

«ሁለት ጊዜ» አለች።

«ሁለት ጊዜ።»

«ሃያ ቀን እንቅልፍ የለኝም፤ ታውቂያለሽ? እናቴ እንኳ አንድ ነገር ስትለኝ ‹እውነት አልሽኝ ወይስ መስሎኝ ነው?› እያልኩ ነው የምጠይቃት።» ቁጣ አልነበረባትም፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። «አባትሽ እዚህ መምጣትሽን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ምንም። አልከለከለኝም።»

ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። ብዙ ሰው ያበጠረች፣ ብዙ ሰው ያዳመጠች ሴት ናት፤ ለመናገር አልቸኮለችም።

«አንቺን አልቀየምሽም» አለች። «ልጅ ነሽ፤ ካርታ ረስተሽ ነው። መኪናው እንደዛ ሄዶም ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ፍርድ ቤትም፣ ካሜራም አልፈልግም። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም በመቀስ ስንቱን ቆርጫለሁ። ግን ቤታችሁ መጥቼ፣ ፊቱ ተቀምጬ ጠይቄዋለሁ። ‹ድንጋጤ ነው› አለኝ። እሱን ነው ከራሱ አፍ መስማት የምፈልገው። ካንቺ አይደለም።»

«እሺ።»

«ሰማሽኝ? ካንቺ አይደለም።»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

ደንበኛዋ ከማድረቂያው ሥር «እህቴ፣ አቃጠለኝ እኮ!» አለች። ፀጉር ሠሪዋ ተነሳች።

ልጅቷ ደጅ ወጥታ ቦርሳዋን በሁለቱም ትከሻዋ አስተካከለች። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። በዚህ ሰዓት አባቷ የቀኑን የመጨረሻ ተማሪ ይዞ ሜዳው ላይ ነው፤ ቤት የሚገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቤት ከሆነ እናቷ አለች፤ ራት አለ፤ ቴሌቪዥን አለ፤ ደጅ ይዞት የሚወጣ የውሃ ብርጭቆም አለ።

መንገዱ እስኪጸዳ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ቤት የሚወስደውን ቅያስ ትታ ወደ ማሠልጠኛው ሜዳ ታጠፈች።